በሁለቱም ዝርዝር ያልተገኘው ጎጥ

በወረዳ ጽሕፈት ቤት የዕቅድና መረጃ ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር፣ ሥራዬ ምን እንደሆነ ለእናቴ እንኳ ማስረዳት ያቅተኝ ነበር። ወረዳው ከሱዳን ድንበር ብዙም የማይርቅ ቆላ ነው። ስሙን አልጠራም፤ የማወራላችሁ ሰዎች ግማሾቹ አሁንም እዚያው ናቸው። እንደኛ ባለ አገር ቀበሌ ይከፈላል፣ ይዋሃዳል፣ አንዱ ጎጥ ከአንዱ ወጥቶ ለሌላው ይሰጣል። የሚወስነው ምክር ቤት ነው። የእኔ ድርሻ የተወሰነውን በቅጽ ሞልቼ፣ ቃለ ጉባኤና ካርታ አያይዤ፣ ሕዝብ ቆጠራ ለሚያካሂደው የፌደራል መሥሪያ ቤት መላክ ነበር። ቅርንጫፉ ጎንደር ነው። ቆጣሪዎች ይዘው የሚወጡት ካርታ የሚሠራው ከዚህ ወረቀት ነው። ሌላውም መሥሪያ ቤት፣ ጤናውም፣ ትምህርቱም፣ ውሃውም ስንት ሰው የት እንዳለ ሲፈልግ የሚያየው ያንኑ ዝርዝር ነው።

ነገሩ የጀመረው ከወንዝ ማዶ ካለ አንድ ጎጥ ነው። ጎጡን ከቀበሌው መቀመጫ የሚለየው ወንዝ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው፤ ክረምት ሲገባ ግን ሰው አያሻግርም። ያን ጊዜ ማዶ ያለ ሰው መታወቂያ የሚፈልግም ሆነ ልጅ የታመመበት፣ ውሃው እስኪጎድል ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ይህ እንዲቀር ዓመታት የተመላለሱት የጎጡ ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ከወሎ ለሰሊጥ አረም መጥተው፣ ሚስት አግብተው እዚያው የቀሩ ሰው ናቸው። ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ ማመልከቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው ቢሯችን በር ላይ ይቆማሉ። ይቀመጡ ስንላቸው "ልቁም፤ ከተቀመጥኩ ትረሱኛላችሁ" ይሉ ነበር።

አንድ ቀን የዞኑ ደብዳቤ መጣ። ጎጡ ከነባሩ ቀበሌ ወጥቶ ራሱን የቻለ ቀበሌ እንዲሆን ተወስኗል ይላል። ሽማግሌውን አስጠርቼ ሳነብላቸው ማህተሙን በጣታቸው ነኩት።

"አለቀ ማለት ነው?" አሉኝ።

"ውሳኔው አልቋል አባባ። የቀረው ወሰኑን ለክተን ለቆጠራው መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ነው።"

"እሱ ደግሞ ያንተ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"እንግዲያውስ አለቀ" አሉና ሳቁ። ሲስቁ ሳያቸው ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነበር።

በሳምንቱ ወሰኑን በእግር ዞርን። እኔ ጂፒኤሱን ይዤ፣ ሽማግሌው በትራቸውን ይዘው፣ የጎጡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደግሞ ደብተሯን ይዛ። እሷ የደንቢያ ልጅ ናት፤ ተመድባ ከመጣች ጀምሮ እዚያው ጎጥ ውስጥ ጎጆ ተከራይታ ትኖር ነበር። ከጠዋት ጀምሮ እስኪያቃጥለን ሄድን። ሰሊጡ ታጭዶ በየማሳው ቆሟል። ሽማግሌው እየቀደሙ "ከዚህች የቁርቁራ ዛፍ እስከዚያ ጉብታ፣ ከጉብታው በሽመሉ ጫካ ዳር ዳር፣ ከዚያ ወንዙ" ይሉኛል፤ እኔ ቆም እያልኩ ነጥብ እይዛለሁ። አንዱ ሰፊ እርሻ ጫፍ ላይ ጥበቃው አትለፉ አለን። ሽማግሌው ሰላም ብለውት፣ የሰውዬውን አገር ጠይቀው፣ የሚያውቁትን ሰው ጠርተው፣ በመጨረሻ ውሃ አስቀድተውን አለፍን። ልጅቷ በየደጁ እየገባች ቤተሰቡን ትጽፋለች። በየቤቱ ያለውን ነፍሰ ጡር፣ በየቤቱ ያለውን ሕፃን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ማታ ወደ ከተማ ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር። ትምህርቴን ከጨረስኩ ወዲህ ለሰው የሚታይ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ።

ቅጹ ሁለት ነው። በአንደኛው ከነባሩ ቀበሌ የሚቀነሰው ቦታ ይጻፋል፤ በሁለተኛው አዲስ የሚቋቋመው ቀበሌ። አንደኛውን በአንድ ቀን ጨረስኩት። ሁለተኛው የአዲሱን ቀበሌ ካርታ ከነፊርማው ይፈልጋል፤ ፈራሚው ደግሞ ስብሰባ ሄዶ አልተመለሰም። ኃላፊዬ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ቆመ።

"የወሰን ለውጡ ምን ላይ ደረሰ?"

"አንዱ አልቋል፤ አንዱ ፊርማ ይቀረዋል። አንድ ላይ ቢሄዱ ይሻላል።"

"ያለቀውን ላክ። ሪፖርት እየጠየቁኝ ነው። ሌላውን ሲደርስ ታስከትላለህ።"

አንድ ላይ መሄድ እንዳለባቸው አውቅ ነበር። አንዱ ቀድሞ ቢሄድ ምን ሊመጣ እንደሚችልም አልጠፋኝም። ግን እሺ አልኩ። ለምን እሺ እንዳልኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ከስንፍና በቀር ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ሁለት ሳምንት ሊያከራክረን የሚችለውን ነገር በአንድ እሺ ተገላገልኩት።

የመጀመሪያው ቅጽ ተመዘገበ የሚል መልስ መጣ። ሁለተኛው በኋላ ተልኮ ተመለሰ። ከላዩ ላይ የተጣበቀው ማስታወሻ፣ አዲስ ቀበሌ የሚመዘገበው የክልሉ ምክር ቤት ያጸደቀበት ሰነድ ሲቀርብ ነው፣ የዞን ደብዳቤ አይበቃም ይላል። ብዙም አልደነገጥኩም። የጎደለ ወረቀት ነው፤ ይመጣል ብዬ ወደ ክልል እንዲጻፍ አደረግኩ። አልመጣም። ደግመን ጻፍን። ጉዳዩ እየታየ ነው ተባልን።

ክረምቱ ሊገባ ሲል የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቢሮዬ መጣች። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው፤ ከሞተር ወርዳ በቀጥታ ነው የገባችው።

"አንተ፣ የኛን ጎጥ የት አደረግኸው?" አለችኝ።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"አጎበር ልወስድ መጥቼ ዝርዝሩ ላይ የለሽም አሉኝ። በነባሩ ቀበሌ ስር ፈልጉ ብላቸው ከዚያ ተቀንሷል አሉ። በአዲሱ ፈልጉ ስላቸው አዲስ የሚባል ቀበሌ የለም አሉ። ታዲያ የት ነው ያለሁት?"

ዝርዝሩን ከፍቼ አሳየኋት። የነባሩ ቀበሌ ሕዝብ በእኔ ቅጽ ልክ ቀንሶ ተቀምጧል። ከቀነሰው ሰው አንዱም የትም አልተጨመረም። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ አየችው። ከዚያ አብረን ወደ ጤና ጽሕፈት ቤት ሄድን። እዚያ ያለው ሰው ክፉ አልነበረም። "እኔ በተላከልኝ ቁጥር ነው የማድለው፤ ለናንተ ከሰጠሁ ከሌላው ላጎድል ነው" አለን። ከሌሎች ቀበሌዎች የተረፈ ካለ እንዲሰጣት ቃል ገባ። የተረፈ ጥቂት አገኘች፤ ሕፃናት ላሉባቸው ቤቶች አከፋፈለች። ወንዙ ከመሙላቱ በፊት ተሻገረች፤ ከዚያ በኋላ እስከ መስከረም መጨረሻ አላየኋትም።

በጥቅምት የሽማግሌው ባለቤት በወባ ሞቱ። ለቅሶ ሄድኩ። ድንኳን የለም፤ ሰዉ ዛፍ ስር ቁጭ ብሏል። ከደጋ ለአጨዳ የመጡ የቀን ሠራተኞችም ከየካምፑ መጥተው ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ማንም ስለ አጎበር አላነሳም። አጎበር ቢኖራቸው ይተርፉ ነበር ብዬ መናገር አልችልም፤ አጎበር ሞልቶት ወባ የገደለው ሰው አውቃለሁ። ግን ሽማግሌው እጄን ሲጨብጡኝ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ከአርባው በኋላ ራሳቸው ቢሮ መጡ። "ጎንደር ውሰደኝ። ፊቴን ካዩ ይሰሙኛል" አሉ። ከገንዳ ውሃ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፍረን ሄድን። ሰነዱን በሙሉ ይዣለሁ፤ እሳቸው ፌስታላቸውን ይዘዋል።

የተቀበለን ሰውዬ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ ዝግ ያለ ጎልማሳ ነው። ወንበር ስቦ ሽማግሌውን አስቀመጠ። ሰነዱን አንድ በአንድ አገላብጦ አነበበ። ከዚያ የኮምፒውተሩን ገጽ ወደኛ አዞረው።

"ይኸው ወንዙ። ይኸ ደግሞ የእናንተ ጎጥ ያለበት ቦታ ነው" አለ። በወንዙ ማዶ ባዶ ቦታ አለ፤ መስመር እንጂ ስም የለውም። "ለቆጠራው የሚያገለግለው ካርታ ተዘግቷል። ከተዘጋ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ለሚቀጥለው ቆጠራ ነው የሚያዘው።"

"የሚቀጥለው መቼ ነው?" አልኩት።

"ይኸኛው ከተካሄደ በኋላ ነዋ።"

"ይኸኛውስ መቼ ነው?"

መነጽሩን አወለቀ። ቆጠራው ተደጋግሞ መራዘሙን እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። "እኔ የማውቀው ቀን የለም ወንድሜ" አለኝ።

ሽማግሌው ገጹን ትኩር ብለው ያዩ ነበር። "ልጄ" አሉት፣ "እኔ ይኸው ፊትህ ተቀምጫለሁ። ታየኛለህ?"

"አያለሁ አባባ።"

"እንግዲያውስ ጻፈኝ።"

"ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። እንዲህ ተነስቼ ብጨምር ነገ ሌላውም ያለ ሰነድ ይጨምራል። አልችልም።" ከልቡ ነው የተናገረው። አንድ መንገድ ብቻ እንዳለ ነገረን፤ ጎጡ ወደ ነባሩ ቀበሌ ተመልሷል የሚል አዲስ ውሳኔ ብናመጣ፣ የተቀነሰውን እንደ እርማት መልሶ ለማስገባት ማመልከት ይቻላል። እሱም ቢሆን መልሱ ምን እንደሚሆን ዋስትና አልሰጠንም።

ስንመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ነገርኳቸው። ሁለቱ ቅጾች አንድ ላይ መሄድ እንደነበረባቸው፣ አንዱን ቀድሞ የላክሁት እኔ እንደሆንኩ፣ እያወቅሁ እንደላክሁት። ሽማግሌው መስኮቱን እያዩ ሰሙኝ። ገንዳ ውሃ ልንደርስ ስንል ዞር አሉና፣

"ሚስቴ ስትሞትም ይህንን ታውቅ ነበር?" አሉኝ።

"አውቅ ነበር።"

"ለቅሶ መጥተሃል።"

"መጥቻለሁ።"

ከዚያ ወዲያ አላነሱትም። ቢቆጡኝ፣ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ስንወርድ ላግዛቸው ብዬ የያዝኩትን ፌስታላቸውን ከእጄ ቀስ አድርገው ወሰዱ።

ያም ሆኖ የጎጡን ሰው ሰበሰቡ። ዓመታት የለመኑትን ቀበሌ ይቅርብን ብለው በራሳቸው እጅ እንዲፈርሙ መጠየቅ ቀላል አልነበረም። አንዳንዱ ተነስቶ ሄደ። አንዲት እናት "ወንዙ ሲሞላ ማን ሊያሻግረን ነው?" ብላ ጮኸች። ሽማግሌው "የሉም ከምንባል፣ ሲሞላ የሚቸገሩ ሰዎች ብንባል ይሻላል" አሏት። በመጨረሻ የቀረው ሰው ፈረመ፤ መጻፍ የማይችለው በአውራ ጣቱ አተመ። ማመልከቻውን እኔ ራሴ ዞን ወስጄ አስገባሁ።

መልሱ በቃል ነው የመጣው። ውሳኔውን ያሳለፉት ሰዎች ተዛውረዋል፤ አዲሶቹ ያልወሰኑትን ለመሻር ከክልል መመሪያ ይጠብቃሉ። ክልል ደግሞ አዲሱን ቀበሌ የማጽደቁ ጉዳይ እየታየ ስለሆነ የመሻር ጥያቄ ማየት አይችልም። ከዚያ በአካባቢው ጸጥታ ጠፋ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ቢሯችንም ለወራት አልተከፈተም። ስንመለስ መዝገብ ቤቱ ተበርብሮ ነበር። የማመልከቻው ቅጂ አልተገኘም።

ሰዎቹ በየጊዜው ሄዱ። መጀመሪያ ልጆች ያሏቸው፣ ትምህርት ቤት ፍለጋ ወደ ገንዳ ውሃና ወደ አብርሃ ጅራ። የጎጡ ትምህርት ቤት ዳስ ነበር፤ የተመደበለት መምህር፣ ጎጡ ዝርዝር ላይ ስለሌለ ደመወዙ የሚመጣበት ቦታ ጠፍቶ ተነስቷል። ቀጥለው ወጣቶቹ፣ በመተማ ዮሐንስ በኩል ጭነት ለማውረድ። ሽማግሌው ልጃቸው ዘንድ ወሎ መግባታቸውን ከሰው ሰማሁ። ሲሄዱ በቢሯችን በር አልፈዋል መሰለኝ፤ መንገዱ አንድ ነው። አልገቡም።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ሌላ ወረዳ ተዛወረች። ከመሄዷ በፊት ደብተሯን አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ቤት በቤት፣ ስም በስም የተጻፈ፣ የሞተው በአንድ መስመር የተሰረዘ፣ የሄደው አጠገቡ የሄደበት ቦታ የተጻፈበት ነው።

"ምን ላድርገው?" አልኳት።

"አላውቅም። እኔ ይዤው ብሄድ የትም አያደርሰኝም።"

ለአዲሱ ኃላፊያችን ወስጄ አሳየሁት። ገለጥ ገለጥ አደረገና "ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን ማህተም የለውም" ብሎ መለሰልኝ። ካቢኔ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ባለፈው በጋ ለሌላ ጉዳይ በዚያ በኩል አለፍኩ። ወንዙ ደርቋል። ከመኪናው ሳልወርድ ማዶውን አየሁ፤ ከአንድ ሁለት ጎጆ ጭስ ይወጣል፤ ሌሎቹ ጣሪያቸው ወድቋል። ሹፌሩ "እዚህ ሰው ይኖራል እንዴ?" አለኝ። እዚያ ስንት ሰው እንደሚኖር ማወቅ የእኔ ሥራ ነው፤ ለዚያ ነው የተቀጠርኩት። አላውቅም አልኩት።