በአሸዋ የተፈተገው ጠገራ
ደሴ ሰኞ ገበያ፣ የእናቴን ጠገራ ብር ይዤ አጉሊ መነጽር ልመርጥ ገባሁ። ሻጩ «ሃያ እጥፍ የሚያጎላው ይሻልዎታል፣ አባባ» አለኝ። አሥሩ ይበቃኛል አልኩት። የሻጩን የእጅ ባትሪ ተቀብዬ ብሩ ላይ ከጎን አበራሁበት፤ ከፊት ሲበራ ብሩ ያንጸባርቅና ጭረቱን ይደብቃል።

ብር እንዲህ ሲታይ ያየሁት ልጅ ሳለሁ አንጥረኛ ቤት ነው። አባቴ ሁለተኛ ሚስት ሊያገባበት ብሩን ከእናቴ አንገት ፈቶ ወስዶት ነበር። አንጥረኛው መስኮቱ ጋ አዘንብሎ በመነጽር አየውና ሳቀ።

«ወላሂ፣ ሚስትህ በአሸዋ ፈትጋዋለች። እንዲህ የተጫጫረ ብር ማን ይገዛል?»

«ልታጸዳው ብላ ነው» አለ አባቴ።

«አይ ወንድሜ፣ እንዳትሸጠው ብላ ነው።»

እኔ ያኔ አልገባኝም። አባቴ ብሩን መለሰላትና በሬውን ሸጦ ኮምቦልቻ አገባ፤ እናቴ ብሩን አንገቷ ላይ እንዳሰረች ብቻዋን አረጀች።

«ለልጆችዎ ሊያሳዩ ነው?» አለኝ ሻጩ።

«ልጅ የለኝም። እናቴ የጫረችውን እኔው ላየው ነው። ጠቅልለው።»