የሳሎኑ ምንጣፍና የእናቴ ጉልበት

ቦሌ መንገድ ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ በሩ ላይ ያቆመ ሱቅ ሳይ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ሻጩ ምን በደለ ትሉኝ ይሆናል። ምንም። የምናደደው በራሴ ነው፤ ትንሽ ትንሽ ደግሞ በባሌ።

ሰሚት ኮንዶሚኒየም የገባን ሰሞን ነው። ወለሉ ሴራሚክ ስለሆነ ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በዚያው ወር እናቴ ቤቷንና ጎረቤቶቿን ትታ ጠቅልላ እኛ ጋ መጣች፤ ትንሿን መኝታ ቤት ሰጠናት። እናቴ በየማለዳው ትሰግዳለች። ግንባሯ መሬት ሳይነካ ቀኗ አይጀመርም፤ ሁዳዴ ሲገባማ አይጣል ነው። ሰባ ዓመት ቢያልፋትም ጉልበቷ ይታዘዛት ነበር። ከስግደቷ ሌላ የኔ የምትለው ነገር አልቀራትም።

ምንጣፍ ልንገዛ ስንሄድ ይዘናት ሄድን። ሻጩ አፉ አያርፍም። «ለሳሎን ወፈር፣ ነጣ ያለ፣ የእንግዳ ዓይን የሚስብ። ለኮሪደር ቆሻሻ የማያሳይ። ለልጆቹ ክፍል ቶሎ የሚታጠብ።» እናቴ ይሄን ጊዜ ጫማዋን አውልቃ አንዱ ወፍራም ምንጣፍ ላይ ተንበርክካለች። በእጇ ጫን ጫን አደረገችው፤ ከዚያ ዝቅ ብላ ግንባሯን አስነካችው። ሰዉ ዞር ዞር ብሎ አያት። እኔ አፈርኩ። በገዛ እናቴ አፈርኩ!

«እማዬ፣ ተነሽ እንጂ፤ ሰው ያያል» ብዬ ክንዷን ጎተትኩ።

«ጥሩ ነው እኮ ይሄ፤ ጉልበት አይጎዳም» አለች።

ሻጩ ሳቀ። «እማማ፣ ይሄ የሳሎን ነው። ለእርስዎ ክፍል ስስ ይበቃል፤ ከአልጋ ሲወርዱ እግር ማሳረፊያ እኮ ነው።»

ባሌ «ልክ ነው» አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ስሱን ገዛንላት። ስስ ስል ወረቀት ማለቴ ነው፤ የሴራሚኩን መጋጠሚያ ከላይ ሆኖ በጣት መቁጠር ይቻላል። ወፍራሙን ሳሎን አነጠፍነውና ላስቲክ አለበስነው። አዎ፣ ላስቲክ! ማን እንዲረግጠው እንደገዛነው እስካሁን አልገባኝም። ልጆቹ ተከለከሉ። እንግዳ ሲመጣ ላስቲኩን አነሳና «ኧረ ጫማችሁን አታውልቁ» እላለሁ። ካላወለቁ ግን ዓይኔ ከጫማቸው አይነቀልም።

ሁዳዴ እንደገባ አንድ ማለዳ እናቴን ሳሎን አገኘኋት። የላስቲኩን ጠርዝ ገልጣ ትሰግዳለች።

«እማዬ፣ ይሄ የእንግዳ ነው እኮ። ክፍልሽ ውስጥ ተነጥፎልሽ የለ?»

«እሺ ልጄ» አለች። ላስቲኩን መልሳ በመዳፏ አስተካከለችው። ከዚያ ወዲህ ሳሎን ስትሰግድ አላየኋትም፤ እኔም ደስ አለኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው በዚህ ደስ የሚለው?

ፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከአልጋዋ መነሳት አቃታት። ቀሚሷን ገለጥ ሳደርግ ሁለቱም ጉልበቶቿ አብጠው ጠቁረዋል። በዚያ ወረቀት ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ስንት ማለዳ ወድቃ ተነስታለች፤ አንድ ቀን እንኳ አመመኝ አላለችም። ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ «እማማ፣ ከእንግዲህ መንበርከክ የለም» አላት። እናቴ መሬት መሬቱን ታያለች።

ቤት እንደገባን ላስቲኩን ጎትቼ ጣልኩት። ምንጣፉ ከእሷ ክፍል ስለሚሰፋ የወጥ ቤት ቢላ አመጣሁና መሀል ለመሀል ቆረጥኩት።

ባሌ «አብደሻል እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«አዎ፣ አብጃለሁ! ያኔ ሱቁ ውስጥ ባብድ ነበር የሚሻለው! አንተስ ምን ሆነህ ነው ልክ ነው ያልከው?»

ቢላው ሲደነዝዝብኝ በመቀስ ቀጠልኩ። ጣቴ ተላጠ፤ እሰይ አልኩ።

ቁራጩን አልጋዋ አጠገብ አነጠፍኩላት። እናቴ አሁን የምትጸልየው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው። ግንባሯን ልታስነካ ጎንበስ ትልና መንገድ ላይ ትቀራለች። በባዶ እግሯ ምንጣፉን ዳሰስ ዳሰስ አደረገችው።

«እግሬን ሞቀኝ፤ ተባረኪ ልጄ» አለችኝ።

ምነው በሰደበችኝ።