አረቄ ትቼ ትንፋሽ ስማር

ባለቤቴ ሰው አረቄ ሲያቆም ወዲያው የሚበረታ ይመስላት ነበር። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። ካቆምኩ በኋላ ያገኘኝ ግን በሕይወቴ አይቼው የማላውቀው ድካም ነው። አንድ ጫማ አስሬ ሌላውን ለማሰር እረፍት ያስፈልገኝ ነበር።

እንጅባራ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ማስተማር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረው። አሥራ አንዱን ዓመት ያስተማርኩት እየጠጣሁ ነው። የቆሰበር፣ እንጅባራን በድሮ ስሟ እንዲህ ነው የምንላት፣ ብርድ ለጠጪ ምክንያት አያሳጣም። ክረምት ጭጋጉ እስከ እኩለ ቀን አይገፈፍም፤ እኛም ከሥራ ስንወጣ ለብርዱ ብለን አንድ መለኪያ፣ ከዚያ ሁለት እንል ነበር። በኋላ ብርዱም ቀረና፣ ጧት ሳልቀምስ ጠመኔ መያዝ አቃተኝ። አንድ ቀን ሰሌዳ ላይ ልጽፍ ስል እጄ ተንቀጥቅጦ ጠመኔው ሦስት ጊዜ ወደቀ። በሦስተኛው ፊት ለፊት የተቀመጠች ተማሪ አንሥታ ሰጠችኝ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

በዚያው ሳምንት ደም አስታወከኝና ሆስፒታል ገባሁ። ሐኪሙ ጉበቴ ማበጡን ነግሮኝ «ከእንግዲህ አንድ መለኪያም አይቻልም» አለኝ። አሥር ቀን ተኝቼ ስነሣ መንቀጥቀጡ በመድኃኒት ረገብ ብሏል። እንቅልፍ ግን የለም፤ አንገቴና ትከሻዬ እንደ እንጨት ደርቀዋል፤ ደረቴ ታፍኖ ይውላል። ሐኪሙ ወረቀት ጽፎ ግቢው ጫፍ ላይ ወዳለው የፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ።

በሩን ስከፍት ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ሴት ከወንበሯ ብድግ አለች።

«መምህር፣ ይግቡ» አለችኝ።

ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ ነበረች። ምነው ከተማሪዎቼ መካከል ሌላዋ በሆነች ብዬ ተመኘሁ። ያን ዓመት የእነሱን ክፍል የፈተና ወረቀት ይዤ አረቄ ቤት ገብቼ ግማሹን እዚያው ጥዬው ወጥቻለሁ። ወረቀታቸው የጠፋብኝን ልጆች ውጤት በግምት ሞላሁ። እሷ ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ስለነበረች መልኳ እንኳ አልመጣልኝም፤ «አልተፈተነችም» ብዬ ጻፍኩ። አባቷ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ በጋሪ መጥቶ «ልጄ ተፈትኛለሁ ትላለች» አለኝ። በአዊኛ ነበር ያናገረኝ። እኔ አፌን የፈታሁበትን ቋንቋ እንደማያውቅ ሰው፣ በአማርኛ «ልጅዎ ትዋሻለች» ብዬ መለስኩለት። ልጅቱ ያን ዓመት ክፍሉን ደገመች።

አሁን አንገቴን በእጆቿ እየዳሰሰች የት የት እንደሚያመኝ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወለሉ ላይ የቀርከሃ ምንጣፍ ዘረጋች፤ በላዩ ብርድ ልብስ አነጠፈች።

«ዮጋ ይባላል። ባሕር ዳር ስማር ነው የለመድኩት» አለች። «መድኃኒቱን አይተካም፤ የሐኪሙንም ቀጠሮ አያስቀርም። ግን አምሮቱ ሲመጣ ሰውነትዎ የሚይዘው ነገር ያገኛል።»

ተንበርክኬ፣ ተረከዜ ላይ ተቀምጬ፣ ግንባሬን መሬት አስነካሁ። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ሰው የሚያከብረኝ ሰውዬ፣ ካልሲዬ ተቀዶ፣ መበደሌን በማታውቅ ልጅ ፊት ተደፋሁ። የማታውቅ መስሎኝ ነበር። «በአራት ያስገቡ፣ በስድስት ያስወጡ» ትላለች። ሦስት ላይ ሳል ያዘኝ። በጀርባዬ አጋድማ እጅና እግሬን ላላ አድርጌ እንድተኛ ስታዘኝ ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ወሰደኝ። ቀጣዩ ታካሚ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር የቀሰቀሰችኝ።

ቤት ውስጥ ስለማመድ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ።

«ለማን ነው የምትሰግደው?»

«ለማንም። አንገቴን ነው የማፍታታው።»

«አሥራ አንድ ዓመት ላረቄው ሰገድክ። አሁን ደግሞ የማላውቀው ነገር አታምጣብኝ። ደክሞኛል።»

 ሄዳ የንስሐ አባታችንን ጠየቀች። እሳቸውም «ሲተነፍስ ምን ይላል?» አሏት። «ይቆጥራል» አለች። «ይቁጠር። ጸሎቱን በጸሎት ሰዓት ያድርስ» አሏት። ከዚያ በኋላ አልከለከለችኝም፤ ደስ ብሏት ግን አልነበረም። ብዙ ጊዜ ቃል ሰጥቼ ያፈረስኩ ሰው ነኝ፤ በዚህም ተስፋ አድርጋ መድከም አልፈለገችም።

ሁለት ወር ያህል እንደተመላለስኩ፣ አንድ ቀን በጀርባዬ ተጋድሜ ሳለ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ፣ «ዘጠነኛ ክፍል ሳለሽ ፈተናሽን እኔ ነኝ የጣልኩት» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች።

ተነሥቼ ተቀመጥኩ። «እንዴት አወቅሽ?»

«ወረቀቱን እናቴ ከገበያ በርበሬ ተጠቅልሎበት አመጣችው። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው። ለማንም ሳላሳይ ለርዕሰ መምህሩ ወስጄ ሰጠሁት፤ በዚያው አስቀረው።»

«ምን አለሽ?»

«ከእርስዎ ጋር አልነበር የሚጠጣው?»

ይቅር በይኝ አልኳት። የተጣጠፈውን የምንጣፍ ጫፍ አቃናች። «እኔ ገና ነኝ፤ አልዋሽዎትም» አለች። «ግን ለአባቴ ይንገሩልኝ። እስካሁን ልቡ በግማሽ የዋሸሁት ይመስለዋል።»

እሑድ በሚኒባስ ግምጃ ቤት ሄድኩ። አባቷ ከጓሮ ድንች ሲያወጣ አገኘሁት፤ አርጅቷል። በአዊኛ፣ ቃሉ እየጠፋኝ፣ ሁሉንም ነገርኩት። ዶማውን ተደግፎ ሰማኝ። ስጨርስ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ «ያኔ መትቻታለሁ» አለ። «በአለንጋ። እሷ ‹ተፈትኛለሁ› ትላለች፣ እኔ እመታታለሁ።»  ቤት አስገባኝ፤ እንግዳ ነኝና መለኪያ አስቀመጠ። ሐኪም እንደከለከለኝ ነግሬው ውኃ ሰጠኝ።

ይህን ሁሉ ችዬ፣ መነኻሪያው አጠገብ ሚኒባስ ስጠብቅ ያየኋት የመጀመሪያዋ አረቄ ቤት ገባሁ። እስከ ማክሰኞ ጠጣሁ። ባለቤቴ ስትሰድበኝ እንኳ ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

ሐሙስ ሆስፒታል ሄድኩ፤ የክፍሏ በር ላይ ቆሜ አልገባም አልኩ።

«መቼ ቀመሱ?» አለችኝ።

«እሑድ። እስከ ማክሰኞ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ የለም።»

«መጀመሪያ ሐኪሙ ይይዎት፤ ከዚያ ይምጡና ጫማዎን ያውልቁ።»

እንዳለችኝ አደረግሁ። ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ደግሞ ተመልሼ ጠጥቻለሁ፤ በቀብር ላይ ነበር፣ አንድ ቀን ብቻ። ሳልቀምስ አሁን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። የጉበቴ እብጠት ቀንሷል፤ ጠመኔ እይዛለሁ። ከሰዓት በኋላ ከክፍል ስወጣ ግን አምሮቱ ዛሬም በሰዓቱ ይመጣል። ያኔ ባዶ ክፍል ገብቼ፣ ግድግዳ ተደግፌ፣ በአራት አስገብቼ በስድስት አስወጣለሁ። አንዳንዴ አሥር ጊዜ ይበቃል። አንዳንዴ ዘበኛው ሊቆልፍ እስኪመጣ እቆያለሁ።

እሷ ወደ ዳንግላ ተዛውራለች። መንገዱ ክፍት የሆነ ቅዳሜ ወደ እሷ እሄዳለሁ፤ መንገድ ሲዘጋ በስልክ ትመራኛለች፤ ኔትወርክም ሲጠፋ ብቻዬን እሠራለሁ። ባለፈው ፋሲካ አባቷ እዚያ ድረስ ሄዶ ይቅርታ እንደጠየቃት ነገረችኝ። ሁለቱም አልቅሰው፣ ከዚያ ምን እንደሚባባሉ ጠፍቷቸው ስለ ድንቹ እንዳወሩ ነገረችኝ። እኔን ይቅር ብላኝ እንደሆነ ግን ድጋሚ አልጠየቅኳትም።

ባለፈው ቅዳሜ እሷ ዘንድ አምስት ነበርን፤ ሁለት ሹፌሮች፣ አንድ ሱቅ ያለው ሙስሊም ጎልማሳ፣ አንዲት አረቄ እያወጣች ስትሸጥ የኖረች እናት፣ እና እኔ። ሴትዮዋ አዲስ ስለነበረች ምኗን የት እንደምታደርግ አላወቀችም፤ አጠገቤ ስለነበረች በአዊኛ አስረዳኋት። «ይሄ ነው በቃ? መተንፈስ ነው?» አለችኝ። ይሄው ነው አልኳት። በጀርባዋ ተጋድማ ጣሪያውን እያየች፣ «እኔኮ ሲደክመኝ ነው የኖርኩት» አለች፤ ዓይኗንም ጨፈነች።