ምች ነው ያልኩት የእህቴ ሕመም

ረቡዕ ከሰዓት ስልክ ተደወለ። ታላቅ እህቴ ሃዊ ናት። «ዶክተሩ ልብሽ ተሽሎታል፣ ደረጃ መውጣት ትችያለሽ አለኝ! ነይና ውሰጂኝ!» እኔ ጮህኩ። እናቴ ማማሰያውን እንደያዘች ሮጣ መጣች፤ ስትሰማ እሷም ጮኸች።

ሃዊ ስድስት ወር ሙሉ ቡልቡላ አክስታችን ቤት ነበረች። የእኛ ቤት አዳማ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የአክስታችን ደረጃ የለውም። ከሄደች ወዲህ አልጋዋ ላይ ማንም አልተኛም። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ስትወጣ የሚሰማው ኮቴዋ በጣም ይናፍቀኝ ስለነበር፣ የጎረቤት ልጅ እንደዚያ ሲወጣ እንኳ ተነሥቼ በር እከፍት ነበር።

ቅዳሜ፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ብቻዬን ስጓዝ የመጀመሪያዬ ነው። ሞጆ ላይ የባቱን ሚኒባስ ያዝኩ። አጠገቤ መቂ የሚወርዱ ሽንኩርት ነጋዴ ተቀመጡ።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ? ወዴት ነሽ?»

እህቴን ልወስድ እንደሆነ፣ ጉንፋኗ ልቧ ድረስ ገብቶ እንደነበር ነገርኳቸው።

«ጉንፋን ልብ ገባ? እኔ የማውቀው ጉንፋን አፍንጫ ላይ ነው!»

«ቫይረሱ አንዳንዴ የልብ ጡንቻ ድረስ ይደርሳል፣ እማማ። ጡንቻው ይቆጣል፣ ይደክማል፣ ደም መግፋት ያቅተዋል። እረፍት ካገኘ ብዙው ሰው ይድናል።»

«ልብ ይቆጣል በይኛ! የኔማ ስንቴ ተቆጣ፤ ቫይረሱ ባሌ ነበር እንጂ!»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ቆቃ ላይ በግራ በኩል ሐይቁ አበራ፤ የተጠበሰ አሳ ሽታ በመስኮት ገባ። እኔ ግን ለሴትዮዋ ያልነገርኳቸውን እያሰብኩ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ሩጫ አንድ ቀን በፊት ሃዊን አተኮሳት፤ ሰውነቷን ቆረጣጠማት። «ምች ነው» አልኩ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ዳማከሴ አሽቼ ቀባኋትና «ላብ ሲወጣሽ ይለቅሻል፣ ሩጪ» አልኳት። ሮጠች። ከሳምንት በኋላ ደረጃው መሃል ደረቷን ይዛ ቁጭ አለች።

መቂ ላይ ሴትዮዋ መርቀውኝ ወረዱ። ለሃዊ ትልቅ ፓፓያ በሰማንያ ብር ገዛሁ። ባቱ ላይ መኪና ቀየርኩ፤ ከዚያ በኋላ ግራር፣ አቧራ፣ ሙቀት። መንገዱ ደግሞ አያልቅም!

4 ሰዓት ተኩል፣ ቡልቡላ

ሃዊ ቦርሳዋን አዝላ በር ላይ ቆማለች። አቀፍኳትና ሰላም ሳልላት አፈነዳሁት፦ «ምች ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ሩጪ ያልኩሽም እኔ ነኝ።»

«ዶክተሩን ጠይቄዋለሁ» አለች። «ያመመሽ ቫይረሱ ነው አለኝ። ግን የሚያተኩሰው ሰው መሮጥ የለበትም፣ የልብን ሕመም ያባብሳል አለ። ደግሞ ቫይረስ የሚታየው በማይክሮስኮፕ ነው፤ አንቺማ ከመቂ ትታያለሽ!»

«ሳቁን ለመንገድ አስቀምጡት፣ መጀመሪያ ብሉ!» አለች አክስቴ፣ አሳውን እያቀረበች።

እየበላን «መቼ ነው የምትሮጪው?» አልኳት።

«ገና ነው። እንደገና መርምሮኝ ነው የሚወስነው።» ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር። ሁለት ሴት ልጆች እየተባረሩ አለፉ፤ እስኪጠፉ ድረስ አየቻቸው። ፓፓያውን ቆርጬ አቀበልኳት።

11 ሰዓት፣ አዳማ

ቦርሳውን እኔ ያዝኩ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ «እንቀመጥ» ስትል ደነገጥኩ። እጄን ወስዳ ደረቷ ላይ አኖረችው። «ስሚ፣ አንቺ ፈሪ።» ዱብ ዱብ ይላል፣ ሳይቸኩል። እናቴ ከላይ «ደረሳችሁ?» እያለች ትጣራለች፤ እኛ እንደተቀመጥን ቆየን።

ለትኩሳት ስም ማውጣት ቀላል ነው፤ ማረፍ ነው ከባዱ። ከጉንፋን በኋላ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ደረታችሁን ከወጋችሁ፣ እንደኔ ያለች ዐዋቂ አትስሙ፤ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ሃዊ ደግሞ ጥሪዬን አድርሺልኝ ብላኛለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ያለውን ሜዳ ቀስ ብለን እንዞራለን። ኑ፣ አብረን እንራመድ። የቸኮለ ይቅደመን፣ አንከፋም። ያተኮሰው ግን ቤቱ ይተኛ፤ ሲሻለው ይመጣል፣ እንጠብቀዋለን።