«ወጪው ተሸፍኗል» ያልኩበት ቀን

ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ባለች አንዲት መንደር ነው። ሰው ስለ ጉዞ ወጪ ሲያወራ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ልቤ ድው ይላል።

የሶሲዮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ለመስክ ሥራ የሚሰጠውን የጥናትና የጉዞ ድጋፍ ያገኘሁ ዕለት መሬት አልበቃኝም። የማጠናው ልጆቻቸው ዓረብ አገር ስለሄዱባቸው ቤተሰቦች ነበር። ጓደኞቼ «በነፃ አገር ልታይ ነው» እያሉ ሲያሾፉብኝ እኔም አብሬያቸው እስቅ ነበር።

ሰዓዳ የምትባል የአካባቢው ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከየቤቱ ልታስተዋውቀኝ ፈቃደኛ ሆነችና ከሐይቅ ከተማ አብረን በባጃጅ ሄድን። መንደሩ ጫፍ እንደደረስን ምጥ የያዛት ሴት አለች ተብላ ተጠራች። እማማ ፋጡማ ቤት ጠብቂኝ ብላ ቤቱን በጣቷ አሳይታኝ ሮጠች።

እማማ ፋጡማ ማን እንደሆንኩ ሳይጠይቁ እንደ ዘመድ ተቀበሉኝ። መደብ ላይ አስቀምጠው ቆሎ አቀረቡልኝ። እንግዳ መጣ ሲባል ጎረቤት ሴቶችና ሁለት ልጃገረዶች ገቡ። ለጥናት መምጣቴን ነገርኳቸው። አንዷ ጎረቤት እዚህ ድረስ ማን ከፍሎልሽ መጣሽ አለችኝ። እኔ ሞኟ በኩራት «የጉዞው ወጪ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል» አልኩ። ይህ አልበቃ ብሎኝ ወደ ልጃገረዶቹ ዞርኩና፣ እናንተስ ዓረብ አገር የመሄድ ሐሳብ አላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

እማማ ፋጡማ ተነሥተው በሩን ዘጉትና ተደገፉት።

«ያችም እንዲሁ ነበር ያለችን» አሉ። «ወጪው ተሸፍኗል፣ እናንተ ልጅቱን ብቻ ስጡን።»

ነገሩ የገባኝ ሴቶቹ እየተቀባበሉ ሲጮሁብኝ ነው። የእማማ ፋጡማን ልጅ መዲናን አንዲት ሴት ደላላ ይዛት ሄዳለች። ልጅቱ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጅቡቲ፣ ከባሕሩ ጠረፍ ደርሰናል ብላ ደውላለች። ከዚያ ወዲህ ድምጿ አልተሰማም።

የተማሪነት መታወቂያዬን አወጣሁ። ደላላዋም መታወቂያ ነበራት አሉኝ። ስልኬን ከጭኔ ላይ አነሡት። ውጭ የወንዶች ድምፅ በረከተ፤ አንድ ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ አርፎ ተንከባለለ። ድሮም ቦቅቧቃ ነኝ። የግሸኗን ማርያም በሆዴ ተማጸንኩ። እናቴ አስከሬኔን እንኳ ከየት ብላ ታገኘዋለች ብዬ አሰብኩ። እማማ ፋጡማ ከበሩ መጥተው የእጄን አንጓ ጨምድደው ይዘው «መዲናን የት አደረስሻት?» ይሉኛል። አላውቅም ባልኩ ቁጥር ይብስ ያጠብቁታል።

በዚህ መሀል የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ ይመር በሩን አስከፍተው ገቡ። ወንዶቹ ተከትለው ሊገቡ ሲሉ ሼሁ ዱላቸውን በሩ ላይ አጋደሙት።

«ከቤት የገባች እንግዳ አማና ናት፣ የአላህ አደራ። እውነቱ እስቲጣራ ማንም አይነካትም» አሉና ከጎኔ ተቀመጡ።

ውጭ ያሉት ግን አሁንም ትውጣ፣ ትውጣ ይሉ ነበር።

ሰዓዳ እያለከለከች ደረሰች። ማን እንደሆንኩ ስትነግራቸው ጩኸቱ በረደ። ድንጋይ የወረወረው ጎረምሳ ሳይቀር ገብቶ አፉ በይኝ አለኝ። ሰዉ እያጉረመረመ ተበተነ።

እማማ ፋጡማ ግን እጄን አልለቀቁም። አሁንም አላመኑኝም ብዬ እንደገና ፈራሁ።

«እኔ እኮ አይደለሁም፣ እማማ» አልኳቸው።

«አውቄያለሁ ልጀ» አሉ። «ምነው ያችን በሆንሽ። ያችን ብይዝማ መዲና ያለችበትን እጠይቃት ነበር።»

ሰዎቹን አልተቀየምኳቸውም፤ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እጮህ ነበር። ያን ቀን የፈራሁት ለራሴ ነው። አሁን ሳስታውሰው ግን ከድንጋዩም ከጩኸቱም ይልቅ የሚከብደኝ የእማማ ፋጡማ ፊት ነው። ደላላ አለመሆኔ ለእኔም ለመንደሩም እፎይታ ነበር። ለእሳቸው ብቻ መርዶ ሆነባቸው።