ልጇ ሳያወርዳት የተቀበረችው ጎረቤቴ

ከሮቢት ድልድይ እስከ ጀውሃ ድረስ እኔን የማያውቅ ሰው ካለ አዲስ መጪ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ ፊደል የለየሁት ስኳርና ጨው ከተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ነው። የውሃ ሞተር መፍታትና መግጠምም በራሴ ጊዜ፣ በራሴ ጣት ተማርኩ። የወንጀል ሕጉን፣ የፍትሐ ብሔሩንና የቤተሰብ ሕጉን ገዝቼ ከዳር እስከ ዳር አንብቤያለሁ፤ ጠበቃ ከማቆማቸው በፊት እኔን የሚያማክሩ ሰዎች ዛሬም አሉ። ከሁሉ በላይ የምኮራው ግን በሽምግልናዬ ነው። ሴት ልጅ ልጠይቅ ሄጄ እንቢ ተብዬ የተመለስኩበት ቤት የለም። በግጦሽ ደም የተቃቡ ሰዎችን አስታርቄ በአንድ ገበታ አብልቻለሁ። ጉራ ነው የሚል ይበል፤ ሐሰት ነው የሚል ግን አይገኝም።

ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዲት ጎረቤቴ አንድ ነገር ለመነችኝ፤ አልሆነልኝም። የሚያነበው ሰው አቅም የሌለው ሽማግሌ ይዛ ነው እንዳይል ነው።

ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላት ሴት ነበረች። ልጇ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ የሮቢትን ሽንኩርት ጭኖ በጣርማ በር በኩል አዲስ አበባ ያደርስ ነበር። ሠላሳውን አልፎም አላገባም። ሲጠይቁት «መኪናዋ ትቀናለች» እያለ ያስቃል። ሌላው ሲስቅ እኔ ገና ድሮ ገብቶኝ ነበር። ዓይኔ ሰው ላይ አይሳሳትም።

በዚህ ቆላ ወንድ የሚወድ ወንድ ዛሬ በስልክ የመጣ አድርገው የሚያወሩ አሉ። ውሸት ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ ከቀወት ዝቅ ብሎ ባለ መንደር ሁለት የግመል ነጋዴዎች በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር። ሁለቱም ሳያገቡ ሸበቱ። ሰዉ «ወንድማማቾቹ» ይላቸዋል፤ ወንድማማቾች አለመሆናቸውን የማያውቅ ግን አልነበረም። አባቴ «እነሱ ቤት ጠብ የማይሰማው ሚስት ስለሌለ ነው» ብሎ ይቀልድ ነበር። አንደኛው ሲሞት ሌላው መቃብር ወርዶ በእጁ አስተኛው። አንተ ለምን ያለው የለም። ዘመኑ ደግ ነበር ማለቴ ግን አይደለም። ሌላ አንድ ወጣት ተይዞ ተገርፎ፣ ልብሱ ተገፎ ወደ አፋር በረሃ ሲነዳ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የት ደረሰ ብሎ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም። ነገሩ ስም እስካልወጣለት ድረስ ሰውየው ይኖራል፤ ስም የወጣለት ዕለት ያልቅለታል። ሕጉም እንደዚያው ነው። ንጉሥ ወርዶ ወታደር መጣ፣ ወታደር ሄዶ ሌላ መጣ፤ ይህን የምትቀጣው ያች አንቀጽ ግን ከአሮጌው መጽሐፍ ወደ አዲሱ ተሻገረች እንጂ አልወደቀችም። ሁለቱንም መጻሕፍት አስተያይቼ አረጋግጫለሁ። በሌላ አገር እንዲህ ያሉ ሰዎች አደባባይ ወጥተው፣ ተከራክረው መብታቸውን እንዳስከበሩ በሬዲዮ እሰማለሁ። እኛ ዘንድ ማን ደፍሮ ይወጣል።

ልጁን ያስያዘው አንድ ፎቶ ነው። አዲስ አበባ ከሚወደው ሰው ጋር ተቃቅፈው የተነሱት ነው፤ በጭነት ዋጋ የተጣላው ደላላ ከስልኩ ሰርቆ በተነው። በአንድ ቀን ሮቢትን አዳረሰ። መናኸሪያው አጠገብ መኪናው በድንጋይ ተደበደበ፤ እሱ በመስኮት ወጥቶ አመለጠ፤ አዲስ አበባ ገብቶ ቀረ። ባለመኪናው ቁልፉን ተቀበለው። ቅሬው፣ የቀብርና የሐዘን ማኅበራችን ማለት ነው፣ ተሰብስቦ ስሙን ሰረዘ፤ ከእንግዲህ በሮቢት ቀብር ላይ እንዳይቆም ተባለ። እናቱን አልሰረዟትም። ደጇን የሚረግጥ ሰው ግን ጠፋ። እሳት ብትጭር፣ ጨው ቢያልቅባት የምትመጣው እኔና ባለቤቴ ዘንድ ብቻ ሆነ።

የስኳር በሽታዋ ከዚያ ወዲያ በረታ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አስጠራችኝ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ።»

«ሁለት ለምኚ።»

«አንዷ ትበቃኛለች። ስሞት ልጄ ያውርደኝ።»

በእኛ ወግ የሴት አስከሬን፣ ጀናዛዋ፣ መቃብር ሲገባ ከታች የሚቀበላት የቅርብ ሥጋዋ ነው፤ ልጇ፣ ወንድሟ፣ ካልሆነም የእህቷ ልጅ። ባዕድ ወንድ እንዲነካት አይፈለግም። እሷ ወንድም የላትም። የእህቷ ልጅ ቀወት ገጠር አለ፤ ፎቶውን ካየ ወዲህ ግን ስልኳን አያነሳም።

«ለዚህ ነው እንዴ የተጨነቅሽው» አልኳት። «እኔ እኮ የሰው ልጅ ለምኜ ሙሽራ አድርጌ የማወጣ ሰው ነኝ። የገዛ ልጅሽን ለገዛ ቀብርሽ መለመን ያቅተኛል?»

ሳቀች። ከልጇ መሄድ ወዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር።

ሁለት ሽማግሌዎች አስከትዬ የቅሬው ሰብሳቢ ዘንድ ሄድኩ። ወፍጮ ቤት ያለው ጎልማሳ ነው፤ ሚስቱን የጠየቅኩለት እኔ ነኝ። ወንበር አውጥቶ አስቀመጠን፣ ጉዳዩን ሰማ፣ ዱቄቱን ከእጁ አራገፈ።

«እርስዎን ማን እንቢ ይላል ጋሼ። አንድ ነገር ብቻ። ሚስት ያግባ። አግብቶ ይምጣ፣ ስሙን እኔ ራሴ እመልሳለሁ።»

የጓደኞቼ ፊት በራ።

«መድኃኒቱማ ይኸው ነው» አለ አንደኛው። «ትዳር ያላቃናው ማን አለ?»

«አንተን አቅንቶሃል?» አለው ሌላው። ተሳሳቁ።

ከወንበራችን ሳንነሳ ሴት ልጅ መምረጥ ተጀመረ። የማን ቤት ጨዋ እንደሆነ፣ የትኛዋ ወሬው ያልደረሰበት መንደር እንዳለች፣ የትኛው አባት ሾፌር አማች እንደሚመኝ ተነገረ፤ በአንዲት ልጅ ተስማሙ። ክፋት አልነበረባቸውም። አዳንነው ብለው ከልባቸው ደስ ብሏቸዋል፤ እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው።

«እርስዎ ከሄዱ ይሰጣሉ» አለኝ ሰብሳቢው።

እውነቱን ነው። ብሄድ ይሰጡኝ ነበር።

«የወንጀል ሕጉን አንብቤዋለሁ» አልኩት። «የሚቀጣው ድርጊት ነው። እናቱን አይቅበር የሚል አንቀጽ የለውም።»

«ሕጉ የፍርድ ቤት ነው ጋሼ። ቅሬው የኛ ነው።»

ወደ ሼኩም ሄድኩ። «ኃጢአተኛ እናቱን አይቅበር የሚል እኔም አላነበብኩም» አሉኝ። ይህንኑ በሰው ፊት እንዲደግሙልኝ ስጠይቃቸው ወሬ ለወጡ።

ለልጁ ደወልኩለት። ሚስት ያግባ መባሉን ነገርኩት።

«የማንን ልጅ ልበድል ጋሼ?» አለኝ። «እኔ ለሰው ሳቅ ብዬ ስስቅ ኖርኩ። እሷን ደግሞ ዕድሜ ልኳን ላስለቅሳት?»

«እንዴት ነህ ለመሆኑ?»

«ቤት ቀየርኩ፣ እንደገና። ከኛ አንዱ ተይዟል። ስልኩን ከፍተው የሁላችንን ፎቶ አይተዋል ይባላል።»

«ከኛ ስትል?»

«እርስ በርሳችን ዜጋ ነው የምንባባለው።»

«ዜጋማ እኔም ነኝ።»

«እርስዎን ሌላውም ሰው ይልዎታል ጋሼ። እኛን ከራሳችን በቀር የሚለን የለም።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ እናቱ ቤት ሄድኩ።

ለእናቱ ስነግራት ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ። «ገና ሳይጎረምስ አውቄዋለሁ» አለች። «የሰው ልጅ አታስለቅሱብኝ። እንዲሁ እንዳለ ይምጣና ያውርደኝ።»

ወደ ሰብሳቢው ተመላለስኩ። በመጀመሪያው ወንበር አውጥቶልኝ ነበር፤ በኋላ በኋላ ወፍጮውን ሳያጠፋ፣ በጩኸቱ ውስጥ ራሱን ነቀነቀልኝ።

ያረፈችው የንጋት ሶላት፣ ሱብሒ፣ ተሰግዶ ሰው ሲበተን ነው። ለልጁ ደወልኩለት፤ ወዲያው መንገድ ጀመረ። ቀብሩ ከቀትሩ ሶላት፣ ከዙሁር በኋላ ተባለ። ከአስር ሶላት በኋላ እንዲሆን ተከራክሬ አስለወጥኩ። «ሥጋ ዘመዷ እየመጣ ነው» አልኳቸው። አልዋሸሁም፤ የእህቷንም ልጅ ሰው ልኬ አስጠርቼ ነበር። ልጁን ከከተማው መግቢያ በፊት አስወርጄ፣ በባጃጅ በእርሻው መንገድ መቃብሩ ድረስ ላስገባው አሰብኩ። በሰው ፊት ከመጣ፣ እናቱም ቃሬዛ ላይ ካለች፣ ማን ጨክኖ ይመልሰዋል አልኩ። ሰውን አውቀዋለሁ ብዬ ነው።

አስቀድሜ መቃብሩን ለማየት ሄድኩ። መግቢያው ላይ፣ ግራሩ ሥር ወጣቶች ዱላቸውን አጋድመው ተቀምጠዋል። አብዛኞቹን አውቃቸዋለሁ።

«እናንተ እዚህ ምን ትሠራላችሁ? አባቶቻችሁን ከእናቶቻችሁ ያጋባሁት እኔ ነኝ፤ ባልሄድ ኖሮ አንዳችሁም አትወለዱም ነበር።»

አንዱ ተነሥቶ በአክብሮት ጎንበስ አለ። «እናከብርዎታለን ጋሼ። ስለዚህ ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

ከኋላው ያለው ከመሬት ቀና ሳይል፣ «ከመጣ ይምጣ» አለ። «ጉድጓድ ተቆፍሯል። ሌላ አንቆፍርም።»

ቁፋሮውን የሚቆጣጠረውን ሰብሳቢ ወደ ጎን ሳብኩት። «አይቻቸዋለሁ» አለኝ። «አልችላቸውም ጋሼ። እርስዎ ከቻሉ ይቻሏቸው።»

አልቻልኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ቃል ስሰካካ የኖርኩ ሰው፣ በእነዚያ ልጆች ፊት የምሰካው ቃል ጠፋኝ።

ደወልኩ። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ቆላው እየወረደ ነበር።

«ውረድ» አልኩት።

«ደረስኩ እኮ ጋሼ።»

«ካለህበት ውረድና ተመለስ። ዱላ ይዘው ተቀምጠዋል።»

መኪናው ውስጥ ሰዎች ሲያወሩ ይሰማኛል።

«ማን ያወርዳታል?»

«የአክስትህ ልጅ መጥቷል።»

«ስልኳን አያነሳላትም ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው የእርስዎን አይዝጉት» አለኝ።

ስልኩን እንደተከፈተ ደረት ኪሴ ከተትኩት። ጀናዛው መጣ። የእህቷ ልጅ ጫማውን አውልቆ ወረደ፤ ፊቱን አዙሮ ተቀበላት፤ ፈጥኖ ወጣ። አፈር ተመለሰ። ዱዓ ተደረገ። ሰዉ ሲበተን ስልኩን አውጥቼ ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። ትንፋሹ ይሰማል፤ ከኋላው ከባድ መኪና ዳገቱን ሲያቃስት ይሰማል። መንገድ ዳር ነበር ያለው።

«ጨረሱ?»

«ጨረሱ።»

«ወደ ቂብላ አዙሯታል?»

«አዙሯታል። ቆሜ አይቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልጽፈውም።

ዛሬ ለሽምግልና የሚጠራኝ ጥቂት ነው። አብረውኝ የሄዱት ሁለቱ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ይሻገራሉ። ልጆቹ ሰላምታ ይሰጡኛል፤ አክብሮታቸው አልጎደለም። ከዕድሜዬ በቀረው ጊዜ ይህ ነገር ይለወጣል ብዬ አልጠብቅም። ያች አንቀጽ እኔን ትቀብረኛለች፤ እነዚያን ልጆችም ሳትቀብራቸው አትቀርም።

ያደረግኩት ይህ ነው። «እናቱም ትሰረዝ» ያሉ ሰዎች ነበሩ፤ አስቀርቻቸዋለሁ፤ ቅሬው ቀበራት። ያወረዳት ባዕድ አይደለም፤ ሥጋዋ ነው፤ ባይወዳትም። ሰብሳቢው ዘንድ የተመረጠችዋ ልጅ ሌላ አግብታለች፤ ለዚያኛው ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ፣ ሰጥተውኛል፤ ከምን እንደተረፈች አታውቅም። ልጁ ውክልና ልኮልኝ የእናቱን ቤት ወራሽነት ፍርድ ቤት አረጋግጬለታለሁ፤ ዳኛው ልጇ መሆኑን ብቻ ጠየቁ፣ ሌላ ምንም። መቃብሯ ራስጌ ድንጋይ ተክያለሁ፤ እሾህም አጥሬበታለሁ። ልጁን ከመንገድ መልሼዋለሁ፤ በሕይወት አለ፤ የት እንዳለ አልናገርም። እናቱን አላወረዳትም።