በመኪና መጥታ ያረጀ ካናቴራ የለመነችው ሴት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ሀና ማርያም፣ የኮንዶሚኒየማችን የጋራ ቤት ውስጥ፣ በሕፃን ልብስ ክምር ተከብቤ ቁጭ ብያለሁ።

የሕንፃችን የሴቶች ኮሚቴ ልጆቻችንን የጠበባቸውን ልብስ ሰብስቦ ለተቸገሩ እናቶች ሊሰጥ ነው። ሊቀመንበሯ ጸዳለ ናት። እኔ ብዙ ስለማልናገር ሁሌም የሚደርሰኝ ማጠብና መለየት ነው።

ከመጣው ውስጥ ምን ያልነበረ አለ... የአንድ እግር ጫማ፣ ዚፑ የተነቀለ ሱሪ፣ ያለ ጡት የቀረ ጡጦ። «ለቸገረው ይሆነዋል» እያሉ ነው የሚጥሉልን። የቸገረው ሰው ልጅ በአንድ እግሩ የሚሄድ ይመስላቸዋል መሰለኝ።

ጸዳለ ግን ጥብቅ ናት። የወረዳ ደብዳቤ የሌላትን እናት አታስገባም። ደብዳቤ ያላትንም ፎቶ ሳታነሳ አትሸኝም። «ቀና በይ... ልብሱን ደረትሽ ላይ ያዢው... ፈገግ በይ እንጂ፣ ለቅሶ ቤት ነው እንዴ?»

በራችን ላይ ጉሊት የምትሸጠው ነፊሳም ተሰልፋ ነበር። አራት ልጆች አሏት፣ ትንሹን አዝላዋለች። ለሱ አንድ ጃኬት ደረሳት፣ ፎቶዋን ተነሳች፣ ከዚያ ጥግ ላይ ሆና ታለብሰው ጀመር።

ከሷ ቀጥሎ አንዲት ከመኪና የወረደች ሴት ቀረበች። ጥሩ ጫማ፣ ጥሩ ቦርሳ። ሆዷ ገፍቷል።

«አንድ የሕፃን ካናቴራ ፈልጌ ነበር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያረጀ ቢሆን ነው ደስ የሚለኝ።»

«እህቴ፣ ተሳስተሽ ነው። ሱቁ ከታች ነው» አለቻት ጸዳለ።

«የተገዛማ ቤት ሙሉ አለኝ።»

«እና የድሃ ልጅ ድርሻ አማረሽ?»

ቤቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይባስ ብዬ ዝምተኛዋ እኔ፣ «መኪናዋንም ለምና ይሆናላ» አልኩ። በዕድሜዬ ሰው ያሳቀልኝ ቀልድ ይሄ ብቻ ነው።

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ «ልጅ አልጠናልኝም» አለች። «ሦስት ቀብሬያለሁ። እናቴ ናት የላከችኝ። የጠና ልጅ የለበሰውን፣ ከማታውቂው ሰው ለምነሽ አልብሺው አለችኝ።»

ሳቁ ጠፋ። ነገሩን የማያውቅ አልነበረማ። ልጅ የሚሞትባት እናት ለሚወለደው ልብስ አትገዛም፣ ትለምናለች። ልጁ የሌላ ሰው መስሎት ሞት እንዲያልፈው ነው። እኔ ራሴ ተለምኖልኝ የለበስኩ ልጅ ነኝ... እናቴ እስክትሞት ስትነግረኝ ኖራለች።

ጸዳለ ጉሮሮዋን ጠርጋ ከክምሩ ውስጥ አንድ ነጭ፣ አዲስ የሚመስል ካናቴራ መዘዘችላት።

«የማን ልጅ የለበሰው ነው?» አለች ሴትዮዋ። «ልጁ ደህና ነው?»

ጸዳለ ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ ልብሱ አየሁ። ሰጪዎቹ በር ላይ ጥለው ነው የሄዱት። አምስት ኬሻ ልብስ አጥቤያለሁ፣ የአንዱንም ባለቤት አላውቅም።

«እህት...» አለች ነፊሳ ከጥጉ። የልጇን ጃኬት ከፈተችና ከውስጥ የለበሰውን ካናቴራ አወለቀችለት። አንገቱ የሰፋ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ እኔ ባገኘው ወለል የምወለውልበት። «አራቱም ተራ በተራ ለብሰውታል። አራቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። አልታጠበም ብቻ፣ አትቀየሚኝ።»

ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለቻት። ሳታጥፈው ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ወደ ቦርሳዋ እጇን ስትሰድ ነፊሳ ያዘቻት።

«ተይ፣ ከተከፈለበት ልመና መሆኑ ይቀራል። ስትወልጂ ግን በጉሊቴ በኩል እለፊ... ልየው።»

ያኔ ፎቶ ማንሳት ለማንም ትዝ አላለውም።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው የነፊሳን ፎቶ ቴሌግራም ላይ ለጠፈ። ጃኬቷን ደረቷ ላይ ይዛ ፈገግ ብላለች። ከሥሩ «ምንም ለሌላቸው ደረስንላቸው» ይላል።

አምስት ኬሻ ይዘን አንድ ካናቴራ ያጣነው ግን እኛ ነበርን።